ኮምፒውተሩ ፍላሽ አላነብ ሲል፦ የዴስክቶፕ የዩኤስቢ ችግርን አንድ በአንድ ማጣራት

ደብረ ብርሃን ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በቀን ቢያንስ አንዴ «ኮምፒውተሩ ፍላሼን አላነብ አለ» ሳልባል አልውልም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትመው ተማሪ ሲሰለፍማ አይጣል ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ልጅ እያለከለከች ገባች። ጽሑፏ በነጋታው ጠዋት መግባት አለበት። ፍላሿን ከሲፒዩው (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ፊት በኩል ሰካሁት። ኮምፒውተሩ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል መልእክት አወጣ። «ጋሼ፣ በቃ እሺ በለውና ይክፈተው!» አለችኝ። ፎርማት ፍላሹ ላይ ያለውን ያጠፋል፤ እሺ ብለው ኖሮ ያን ሌሊት ሁለታችንም አንተኛም ነበር። ነቀልኩና ከጀርባ ሰካሁት። ተከፈተ። ፍላሹ ምንም አልሆነም፤ የታመመው የኔው የፊት ፖርት ነበር። ያንን ፖርት በማግስቱ በፕላስተር ለጠፍኩበት፣ እስከ ዛሬም እንደተለጠፈ ነው።

ሰው ዩኤስቢ ሲያስቸግረው መጀመሪያ ወደ ፎርማት ይሮጣል። ካልሆነ ዊንዶውስ ያስቀይራል። ካልሆነ አዲስ ዕቃ ይገዛል። ነገሩ መገልበጥ አለበት። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከዕቃው፣ ከገመዱና ከፖርቱ አንዱ ነው፤ ከነሱ ኋላ ኤሌክትሪክ አለ፣ ዊንዶውስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ገመዱንም ፖርቱንም ድራይቨሩንም (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢሠራ ለምን እንደሠራ አታውቁትም፣ ነገ ሲመለስባችሁ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው።

መጀመሪያ ስሙት፣ እዩት

ሰክታችሁ ለአሥር ሰከንድ ያህል ምንም አትንኩ። ድምፁን ስሙ፣ መብራት ያለው ዕቃ ከሆነ መብራቱን እዩ። ከዚህ ብቻ ግማሹን መንገድ ታውቃላችሁ።

ድምፅም መብራትም ከሌለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ማለት ነው። ፖርቱን፣ ገመዱን ወይ ራሱን ዕቃውን ጠርጥሩ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ አትድከሙ። ድምፁ ተሰምቶ መስኮቱ ላይ ምንም ካልመጣ ግን ዕቃው ከኮምፒውተሩ ጋር ተነጋግሯል፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ድራይቨር ወይ የድራይቭ ፊደል ሊሆን ይችላል። የመግቢያና የመውጫው ድምፅ እየተፈራረቀ ዲንግ ዶንግ የሚል ከሆነ ደግሞ መገናኛው ላልቷል፣ ወይ የሚደርሰው ጉልበት አንሷል። ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። ፋይል እየገለበጣችሁ እንዲህ ካለ ቶሎ አቁሙ፤ ፋይሉ እኩሌታው ላይ ተቆርጦ የሚበላሸው እንዲህ ሲሆን ነው።

ወደ ጀርባ ውሰዱት

የሲፒዩው የጀርባ ፖርቶች ማዘርቦርዱ (ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ በቀጥታ የተበየዱ ናቸው። የፊቶቹ ግን ከውስጥ በቀጭን ገመድ ዞረው ነው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩት። ያ ገመድ ይላላል፣ አንዳንዴም ሲፒዩውን የጠገነው ሰው መልሶ ሳይሰካው ይቀራል። የፊት ፖርት ቀን ከሌት ሲሰካበትና ሲነቀልበት ስለሚውል ቶሎ ይለፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ሁሌም ጀርባ ነው።

እዚያ ስትሰኩ ሌላውን ሁሉ ንቀሉት። ሃቡን (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛውን)፣ ማራዘሚያውን፣ የስልክ ቻርጅ ገመዱን፣ ሁሉንም። ኪቦርድና ማውስ ብቻ ይቅሩ። ዕቃው ብቻውን በቀጥታ ጀርባ ላይ ተሰክቶ ከሠራ፣ የነቀላችሁትን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ስታዩ ጥፋተኛው ራሱን ያጋልጣል።

ቀለሙንም እዩ። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ነው፣ ጥቁር ወይ ነጭ የሆነው 2.0። ቀለሙ የሕግ ያህል አስገዳጅ ስላልሆነ የማይከተል አምራች አለ። አሮጌ ፕሪንተርና አሮጌ ስካነር አንዳንዴ ሰማያዊው ላይ ይለግማሉ፣ ጥቁሩ ላይ ሲሰኩ ግን ምንም አይሉም። ዊንዶውስ 7 የጫናችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ አልመጣም። ድራይቨሩ ለብቻው ካልተጫነ ሰማያዊው ፖርት የሞተ ይመስላል፣ ጥቁሩ ግን ይሠራል። በዚህ ምክንያት «ፖርቱ ተቃጥሏል» ተብሎ የተፈረደበት ስንት ጤነኛ ኮምፒውተር አይቻለሁ።

ከዚያ ዕቃውን ወስዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ሁለት ኮምፒውተር ላይ እምቢ ያለ ዕቃ ራሱ ነው የታመመው። እዚያ ሠርቶ እናንተ ጋ እምቢ ካለ ደግሞ ዕቃውን ተዉት፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው ሥራው።

ገመዱን አትመኑት

የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ፣ ሁለቱ መረጃ። ርካሽ የቻርጅ ገመድ ውስጥ የመረጃዎቹ ሁለቱ ጭራሽ ላይኖሩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ስልካችሁ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ግን የማያየው። ሰው «ቻርጅ ስለሚያደርግ ገመዱ ደህና ነው» ይለኛል። አይደለም፣ ወንድሜ። ቻርጅ ማድረጉ የሁለቱን ሽቦ ጤና ነው የሚናገረው።

ስልክ ከሆነ ገመዱን ከቀየራችሁ በኋላ የስልኩን ስክሪን ክፈቱና ከላይ ጎትታችሁ የዩኤስቢውን ማሳወቂያ ንኩት። ዘመናዊ አንድሮይድ ሲሰካ መጀመሪያ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ካልመረጣችሁለት ፎቶዎቻችሁን አያሳይም። ስክሪኑ ከተቆለፈም እንዲሁ።

ርዝመትም ጉዳይ ነው። ለዩኤስቢ 2.0 ገመድ የሚፈቀደው እስከ 5 ሜትር ነው። ፕሪንተሩን ጥግ ለማድረስ ሁለት ገመድ በማራዘሚያ ቀጥላችሁ ከሆነ ገጹን እያጋመሰ ቢያቆምባችሁ አትገረሙ። እኔ 2 ሜትር ባልሞላ ገመድ ነው የምጠቀመው፣ ጠረጴዛውን ማንቀሳቀስ ገመድ ከመቀጠል ይሻላል። የውጭ ሃርድ ዲስክ ገመድ ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ ያ ሰፊና ለሁለት የተከፈለው ጠፍጣፋ ጫፉ ቶሎ ይላላል። በእጃችሁ ትንሽ ስትነኩት ዲስኩ ብልጭ ብሎ ከመጣ ገመዱን ቀይሩ፤ በላስቲክ አስራችሁ ለመኖር አትሞክሩ።

አቧራ፣ ብርድና ጣርማበር

የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። በር ላይ የተቀመጠ ሲፒዩ በሁለት ወር ውስጥ ፖርቱ በአቧራ ይሞላል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ውስጡ ያለችው ምላስ መሳይ ፕላስቲክ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ላይዋ ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አውጡት፣ የጠነከረውን በእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ። መርፌ ወይ ወስፌ እንዳታስገቡ። በአፍ እፍ ማለትም ይቅር፤ ሁላችንም እንላለን፣ ግን አቧራው ላይ ምራቅ ነው የምንጨምርበት። የፍላሹ ጫፍ ከቆሸሸ በንጹሕ አልኮል ጥቂት የረጠበ ጨርቅ አብሱትና በደንብ ይድረቅ።

ዘንጎቹ ተጣመው ከተነካኩ የሚመጣው ጣጣ ከመልእክቱ ይታወቃል። አንዳንድ ማዘርቦርድ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ «የዩኤስቢ ዕቃ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ስቧል፣ ኮምፒውተሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል» ይላል፣ እውነትም ይጠፋል። ማዘርቦርዱ አልሞተም፣ ራሱን እየጠበቀ ነው። ሁሉንም ዩኤስቢ ነቅላችሁ አብሩት። ጸጥ ካለ የነቀላችሁት ዕቃ ነው፤ ባዶውንም ካለ የተጣመመ ፖርት ፈልጉ። የፊቱን ፖርት ከማዘርቦርዱ ላይ ከውስጥ መንቀል ብቻ ይበቃ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የኛ አገር ጉዳይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ በጠዋት ብርድ ተነስታችሁ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ካፖርታችሁን ታወልቃላችሁ። ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ግን ገና ብርድ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ብረት ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል፤ መነጽራችሁ ላይ ጉም እንደሚሠራው ማለት ነው። ወዲያው አትሰኩት። ከነቦርሳው ግማሽ ሰዓት ወይ ከዚያ በላይ ይቀመጥና የክፍሉን ሙቀት ይልመድ።

በበጋው ደረቅ ብርድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ አየሩ ስለሚደርቅ ሹራብ ስታወልቁ ቅጭልጭል የሚለው የልብስ ኤሌክትሪክ ይበዛል። ያ ብልጭታ ፍላሽን ሊገድል ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት ያልተቀባውን የሲፒዩ ብረት ንኩ።

ኤሌክትሪኩ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም እዚህም ብዙ ችግር አለ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ በተለይ ሦስቴ አራቴ እየተመላለሰ ሲመጣ፣ የዩኤስቢ ፖርቶች አንዳንዴ ተጣብቀው ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ አለ። ስለዚህ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ፖርቱን አያላቅቀውም። እንዲህ አድርጉ፦ ኮምፒውተሩን አጥፉ። ገመዱን ከግድግዳው ወይ ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ዩኤስቢ ላይ ያለውን ሁሉ ንቀሉ፣ ኪቦርድና ማውሱንም። የማብሪያውን ቁልፍ ለ20 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኪቦርድና ማውስ ብቻ ሰክታችሁ አብሩት፣ ዊንዶውስ ተከፍቶ ሲረጋ ያንን ያስቸገረውን ዕቃ ስኩት። መብራት ከተመላለሰ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ በዚህ የሚድነው ብዛቱ ያስገርማችኋል።

በነገራችን ላይ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ማለት ሙሉ በሙሉ መጥፋት አይደለም። ቶሎ እንዲነሳ ብሎ የሲስተሙን ክፍል ዲስክ ላይ አስተኝቶት ነው የሚጠፋው፣ ስትከፍቱት የትናንቱን ችግር ይዞ ይነሳል። ከአዲስ የሚጀምረው «ሪስታርት» ስትሉት ነው። ስለዚህ ለዩኤስቢ ችግር ሪስታርት ይሻላል።

ቀጥሎ የጉልበት ሒሳብ። አንድ የ2.0 ፖርት 5 ቮልት ላይ እስከ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፣ የ3.0 ፖርት እስከ 900። ፍላሽና ማውስ ይህ ይበቃቸዋል። የሚሽከረከር የውጭ ሃርድ ዲስክ ግን ሲነሳ ብዙ ይስባል። የራሱ ቻርጀር የሌለው ሃብ ደግሞ የአንዱን ፖርት እንጀራ ለአራት ነው የሚቆርሰው። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ በአንድ ሃብ ላይ ደርድራችሁ ሃርድ ዲስኩ ቢጠፋባችሁ ዲስኩን አትርገሙ። አንድ ሠርግ ቀራጭ ከመንዝ መሐል ሜዳ የመጣ ሃርድ ዲስክ ይዞልኝ መጣ፣ የሦስት ሠርግ ቪዲዮ አለበት፣ «ሞተብኝ» ብሎ ፊቱ አመድ መስሏል። ቤቱ ሃብ ላይ ነበር የሚሰካው። ጀርባ ላይ በቀጥታ ስሰካው ተነሳ። የሰውየውን ደስታ ማየት ነበር።

ሃርድ ዲስኩ ግን ቀጥታ ተሰክቶም ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ በእኩል ጊዜ እየደጋገመ ካሰማ ወዲያው ንቀሉ። ያ የሜካኒክ ሕመም ነው። ደጋግሞ መሞከር መረጃውን ይጨርሰዋል።

ሲፒዩውን ስትነኩ ይነዝራችኋል? እንግዲያው ቤቱ ወይ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ይለቃል፣ በኧርዝ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት፣ መውረጃ ሲያጣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሳጥን ከፕሪንተር ጋር በዩኤስቢ ሲያያዝ ብልጭታው በገመዱ በኩል መንገድ ሊፈልግ ይችላል። ሦስተኛዋን የሶኬት እግር ሰብሮ በሁለቱ መሰካት መፍትሔ አይደለም፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዝ አስቀብሩ። እስከዚያ ድረስ ፕሪንተር ስትሰኩና ስትነቅሉ ሁለቱም ከሶኬት የተነቀሉ ይሁኑ።

አሁን ወደ ዊንዶውስ

እስካሁን ያልተፈታ ከሆነ ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። እሱ ክፍት ሆኖ ዕቃውን ንቀሉና ስኩት። ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ከታደሰ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር አይቷል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ገመድና ፖርት ተመለሱ፣ እዚህ ሥራ የላችሁም።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበት መስመር ካለ ሁለቴ ክሊክ አድርጉና ቁጥሩን አንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 10 ዕቃው መነሳት አልቻለም። ኮድ 43 ደግሞ ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ስላለ ዊንዶውስ አቆመው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» ከሚል ስም ጋር ይመጣል። ለ43 መጀመሪያ ያንን ኤሌክትሪክ የማስወጣት ሥራ ሞክሩ። ካልሆነ መስመሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «አኒንስቶል ዲቫይስ» በሉት፣ ዕቃውን ንቀሉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ መልሳችሁ ስኩ። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ከአዲስ ይጭነዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቢጫ ምልክት ያለበትን ብቻ አጥፉ። ያለውን ሩት ሃብ (ፖርቶቹን የሚመራውን) ሁሉ እየነካችሁ ካጠፋችሁ ኪቦርዱና ማውሱም አብረው ይሞቱና በምን ትጽፋላችሁ? ከደረሰባችሁ አትደንግጡ፣ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ነክታችሁ አጥፍታችሁ አብሩት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

ዕቃው ሲሠራ ቆይቶ ትንሽ ካልነካችሁት የሚጠፋ ከሆነ ኤሌክትሪክ ቁጠባው ነው። እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ከታች «ዩኒቨርሳል ሲሪያል በስ ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጉ። እያንዳንዱን «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» ክፈቱ፣ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብታችሁ የላቀው ማስተካከያ ላይ «ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን «ዲስኤብልድ» አድርጉት። ዴስክቶፕ ባትሪ የለው፣ ምን ይቆጥባል?

ዕቃው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ደህና መስሎ ግን መስኮቱ ላይ ፍላሹ ካልመጣ፣ ስታርት ላይ ራይት ክሊክ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት»። ፍላሹ እዚያ አለ፣ ፊደል ግን የለውም? ራይት ክሊክ አድርጉና የድራይቭ ፊደል ስጡት፣ ራቅ ያለ ፊደል ይሁን። ቢሮ ውስጥ ይህ ያጋጥማል፤ የኔትወርክ ድራይቭ ፊደሉን ቀድሞ ይዞበታል። «ኖ ሚዲያ» ካለ ወይ መጠኑን ዜሮ ካሳየ ግን የፍላሹ ውስጥ ሞቷል፣ ለመረጃው ካልሆነ በቀር አትልፉበት። የባንክ ወይ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፖርቱ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያ ብልሽት አይደለም፣ ኃላፊውን ጠይቁ።

ፎርማት አድርግ ሲል፣ ሁሉም ሾርትከት ሲሆን

«ፎርማት» ሲል እምቢ በሉት። ሌላ ፖርት፣ ሌላ ኮምፒውተር። አሁንም ካለና ፍላሹ ላይ ያለው ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ነገር ከሆነ ምንም አትጻፉበት። ዊንዶውስ «ልጠግነው» ሲልም ቆዩ፣ ጥገናውም ፍላሹ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ በማስመለሻ ፕሮግራም ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተሩ አውጡ፣ ከዚያ ፎርማት አድርጉት።

ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚወስድ አቋራጭ ምልክት) ሆነው ካገኛችሁ ቫይረስ ነው፣ ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን ክሊክ አታድርጉ፤ ስትከፍቱት ነው ወደ እናንተ ኮምፒውተር የሚዘምተው። ከፎልደሩ «ቪው» ላይ «ሂድን አይተምስ»ን አብሩ። ካልታዩ በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም አንሱ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፣ ሰነዶቻችሁ እዚያ ናቸው። ሰነዶቹን ብቻ አውጡ፣ ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። የኛ ዓይነት ቤት ዋና የቫይረስ ገበያ ስለሆነ ይህን የምለው አፍሬ ነው።

አንድ ብልሽት የማይባል ነገርም አለ። ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም። ባዶውን ፍላሽ ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። በዳቦ ዋጋ የተሸጠላችሁ የቴራባይት ፍላሽ ደግሞ ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ተለጥፎበት ነው፣ ሲሞላ የገባው ይበላሻል።

ፕሪንተር

ፕሪንተር የራሱ መጽሐፍ ይወጣዋል፣ እኔን ግማሽ ቀን የበላኝን ብቻ ልንገራችሁ። ቤቴን ጠርጌ ገመዶቹን መልሼ ስሰካ የፕሪንተሩ ገመድ ሌላ ፖርት ላይ ገባ። ዊንዶውስ አዲስ ፕሪንተር መጣ ብሎ ሌላ ቅጂ ሠራ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኮፒ 1» የሚል አለበት። እኔ ግን የማዘው የድሮውን ነበር፣ እሱ ደግሞ «ኦፍላይን» ብሎ ተቀምጧል። ቀለም ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ድራይቨር ጫንኩ። መፍትሔው ገመዱን የነበረበት ፖርት መመለስ ነበር! ከዚያ ወዲህ ፖርቱ ላይ «ፕሪንተር» ብዬ ጽፌ ለጥፌያለሁ። አዲስ ፕሪንተር ስትጭኑም ሶፍትዌሩ ገመዱን ስካ እስኪላችሁ ድረስ አትሰኩ።

ሽቦ አልባ ማውሳችሁ የሚዘልና የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ መቀበያዋ ከ3.0 ሃርድ ዲስክ ወይ ፍላሽ አጠገብ መሰካቷን እዩ። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ የሚፈጥረው የሬዲዮ ጫጫታ መቀበያዋ የምትሰማበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ይረብሻል። መቀበያዋን ራቅ አድርጋችሁ ጥቁር ፖርት ላይ ስኳት።

ፖርቱ የእውነት ሲሞት

የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወይ የሰካችሁት ፍላሽ እጅ የሚለበልብ ከሆነ ንቀሉ፣ እዚያ ፖርት ላይ ሌላ ዕቃ አትሞክሩ። ወደ ጥገና ስትወስዱት ያደረጋችሁትን ሁሉ ንገሩት። ሻይ ፈሶበት ከሆነ ፈሰሰበት በሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ሰውየው የፈሰሰውን ሻይ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ከፈለገ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ማዘርቦርዱ ደህና ሆኖ ፖርቶቹ ብቻ ከሞቱ ማዘርቦርድ መቀየር አያስፈልግም። ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። የዩኤስቢ ካርድ ገዝታችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያ ውስጥ መጨመር ትችላላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ክፈቱትና ባዶ መሰኪያ እንዳለ፣ ርዝመቱንም እዩ። ትንሽ ሲፒዩ ከሆነ አጭር ብረት ያለው ካርድ ነው የሚገባው። ካርዱ ላይ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ካለ ከፓወር ሰፕላዩ አምጥታችሁ ስኩለት፣ አለበለዚያ ሃርድ ዲስክ አይሸከምም። ከሶኬት ነቅላችሁ ነው ይህን ሁሉ የምትሠሩት። ካርዱ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው እስኪገባ ተጫኑት፣ በብሎኑ እሰሩት፣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ የሲፒዩውን ክዳን ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩት። እኔ ክዳኑን በብሎን ጥርቅም አድርጌ አስሬ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያዋን እንደረሳሁ ያስታወስኩበት ቀን አንድ ብቻ አይደለም።